ዓይኔ እያየ ፊደል ከዳኝ

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። እጄ እንደ ድሮው ይሮጣል። የጻፍሁትን መልሼ ለማንበብ ግን አንዱ ገጽ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ያመንሁት በራሴ ሲደርስ ነው። ዓይኑ እያየ፣ እጁ እየጻፈ፣ ንባብ ብቻ የተነጠቀ ሰው አለ። ሕመሙ ድንገት ነው የሚመጣ። እናንተም እንደ እኔ በየደጁ ስትንከራተቱ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ፣ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ስሜ ታከለ ነው። ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር ገብስና ባቄላ እያረስሁ አረጀሁ። የቆሎ ተማሪ አልነበርሁም፤ አስኳላም አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ሚስት ካገባሁ በኋላ፣ ከስኳር ጆንያና ከሱቅ ግድግዳ ላይ ነው። አንዱን ፊደል ከአንድ መንገደኛ፣ ሌላውን ከሌላ እየጠየቅሁ ለቃቀምኋቸው። ብዙም ሳልቆይ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ጨረስሁ። በእኛ አካባቢ ይህን ያደረገ ገበሬ ከእኔ በፊት አልነበረም፤ ከእኔ በኋላም አላየሁም።

ማንበቡስ ቀላል ነው። ብዙ ሰው ያነባል፤ ታሪኩ እንዴት እንደተነገረ ግን ልብ አይልም። እኔ ልብ እላለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቱ በግቢዬ ወይራ ሥር ይሰበሰባል፤ አነብና ድንገት ቆም እላለሁ። «ዮሴፍ ወንድሞቹን ሲያይ እንባ ተናነቀው፤ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ፤ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ሲታጠብ ማን አየው? ወንድሞቹ አላዩትም። ተራኪው ከእነሱ ደብቆ ለእኛ ብቻ አሳየን» እላቸዋለሁ። ንጉሥ ዳዊት ከጦር ሜዳ የመጣውን መልእክተኛ ስለ ድሉ ሳይሆን ስለ ልጁ ደኅንነት መጠየቁን አሳያቸዋለሁ። እዚያ ላይ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ትርጓሜውን ለሊቃውንቱ ትቼ፣ ታሪኩ እንዴት እንደተሸመነ የማሳይ ሰው ነበርሁ። እንዲህ ያለ አንባቢ ደብረ ታቦር ድረስ ብትሄዱ አታገኙም።

ይህን ነገር የማይወድልኝ ጎረቤቴ ዋሴ ነው። እኩያዬ ነው፤ አብረን አርሰናል፣ አብረን ልጆች ድረናል። «የእግዚአብሔርን ቃል እንደ ተረት እየፈታታህ ታወራዋለህ፤ አንድ ቀን ትከፍላለህ» ይለኛል። ግን አንድም እሑድ ቀርቶ አያውቅም።

ሕመሙ የጀመረኝ በሰኔ ማለቂያ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ከመኝታዬ ስነሣ ማጅራቴን በመጥረቢያ የመቱኝ ያህል አመመኝ። ወደ ደጅ ስወጣ በቀኝ ትከሻዬ የበሩን መቃን ገጨሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ደግሞ በሬው ላይ ተደገፍሁ፤ በቀኜ መቆሙን አላየሁትም ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ በጠዋቱ ምን ቀምሰህ ነው?» አለችኝ ሚስቴ ደብሬ።

«ዝም በይ፤ ራሴን አሞኝ ነው።»

ከዚያ እንደ ልማዴ ለከሰዓቱ የማነበውን ለማየት መጽሐፌን ገለጥሁ። ፊደሎቹ አሉ። ጥቁር፣ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ቅርጻቸው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ግን አንዳቸውም አልተናገሩኝም። የሩቅ አገር ጽሕፈት የማይ መሰለኝ። ገጹን ገለበጥሁ፤ ያው ነው። ዓይኔን ታጥቤ ተመለስሁ፤ ያው ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልሁ። ለደብሬ እንኳ አልነገርኋትም። ያን ዕለት «አሞኛል» ብዬ ሰዉን መለስሁት።

በቀጣዩ ዓርብ ወደ አርብ ገበያ ወርጄ መነጽር ሻጩ ዘንድ ሄድሁ። በሸራ ላይ የደረደረውን ሁሉ እያነሣ ዓይኔ ላይ ሰካልኝ፤ የሆነ ወረቀት ፊቴ ዘርግቶ «አሁንስ?» ይላል። ፊደሉ ይተልቃል፣ ይጠጋኛል፤ አይናገርም። መነጽሩ ሲያልቅበት ልጁ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በአክብሮት፣ «አባባ፣ ድሮ ማንበብ ይችሉ ነበር?» አለኝ።

በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ። እንደዚህ ያቆሰለኝ የለም።

ከዚያ ጤና ጣቢያ። ወረፋው ከደጅ እስከ አጥሩ ይደርሳል፤ ዝናቡ ይወርዳል። ተራዬ ሲደርስ «ዓይኔ ደከመ» አልሁ፤ ሌላ አልጨመርሁም። ክንዴን በጨርቅ አስረው የደም ግፊቴን ለኩ፤ ከፍ ብሏል ብለው የምውጠው ክኒን ሰጡኝ፤ ለዓይኔም ጠብታ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ለሐኪም «ደከመኝ» ብቻ አትበሉት። ምን ትችሉ እንደነበረ፣ ምን እንደተሳናችሁ፣ በየትኛው ጠዋት እንደጀመራችሁ ንገሩት። የጤና ጣቢያው ልጅ የጠብታውን ሕመም ነግሬው የጠብታውን መድኃኒት ሰጠኝ፤ ምን ያድርግ?

እሑድ ሲመጣ ሰዉ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ሁልጊዜ አሞኛል ማለት አይቻልም። አንድ ብልኀት ነበረኝ፦ የዮሴፍን ታሪክ በቃሌ አውቀዋለሁ። መጽሐፉን ገልጬ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁና፣ ዓይኔን በመስመሩ ላይ እያስኬድሁ መተረክ ጀመርሁ። ከወትሮው የበለጠ አማረልኝ። ወንድማማቾቹ ወደ ጕድጓዱ ሲወረውሩት፣ ሲሸጡት፣ ልብሱን በደም ነክረው ለአባቱ ሲልኩለት ሰዉ ትንፋሹን ውጧል። ድንገት ዋሴ ጕሮሮውን ጠረገ።

«ታከለ።»

«ምንድን ነው? አታቋርጠኝ!»

«ይኼ ሁሉ አገር፣ ይኼ ሁሉ ግመልና ነጋዴ፣ በአንድ ገጽ ላይ ነው የተጻፈው?»

አንድ ጊዜ እንኳ ገጽ አልገለጥሁም ነበር። ልገልጥ እጄን ሰደድሁ፤ በቀኜ ያለው የመጽሐፉ ቅጠል አልታይህ ብሎኝ ጨርቄን ጨበጥሁ። አንዷ ሴት ሣቀች፤ ቀጥላ አፏን ያዘች። ሁሉም ገባቸው።

ዋሴ አልሣቀም። ቢሥቅ ይሻለኝ ነበር። ብድግ ብሎ ነጠላውን እያስተካከለ፣ «ብዬህ ነበር። መጽሐፉን ተረት አደረግኸው፤ ባለቤቱ ዘጋብህ» አለና ሄደ። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ተከተሉት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሕመሙ ሁለት ሆነብኝ። አንዱ ንባቤን ማጣቴ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዋሴ ልክ ቢሆንስ የሚለው ነው። ሌት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጣሪያውን እያየሁ «ጌታዬ፣ ያነበብሁትን ወድጄው እኮ ነው፤ ማማሩን መናገር ኃጢአት ነው ወይ?» እላለሁ።

ጸበል ገባሁ። እኔ በጸበል አምናለሁ፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። ጥፋቱ ሌላ ነው። አብረውኝ የነበሩ በሽተኞች «በአንዱ እመን፤ ክኒኑን ተው» አሉኝ፤ ተውሁት። አንድ ጠዋት ከጸበሉ ስመለስ ምድር ዞረችብኝ፤ በቀኜ የነበረውን ቦይ ሳላይ ወደቅሁበት። ከቦይ ውስጥ ያወጡኝ እነዚያው «ተው» ያሉኝ ናቸው።

ልጄ ስመኝ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ ናት። ወሬውን ሰምታ ሐኪም ቤት ልትወስደኝ መጣች። እስከዚያው ስልኳ ላይ የተቀዳ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታ ጆሮዬ ሥር አስቀመጠችልኝ። አንባቢው ድምፀ መልካም ነው፤ ግን የሚያለቅሰውንም የሚቆጣውንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ያልፈዋል፤ እኔ ቆም የምልበት ላይ አይቆምም። «አጥፊው!» አልኋት።

«አባዬ፣ ቢያንስ ትሰማለህ።»

«ሌላ ሰው አኝኮ የሚያጎርሰኝ ሕፃን ነኝ?»

«ሕፃን ብትሆንማ ሐኪም ቤት እሺ ብለህ ትሄድልኝ ነበር» አለችና ልብሴን መሰብሰብ ጀመረች።

አንድ ወይፈን ሸጥን። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሳምንት ሙሉ መኪና ጠበቅን። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ስንደርስ ስመኝ ካርድ ለማውጣት ስትሰለፍ እኔን ወንበር ላይ አስቀምጣ «እንዳትነሣ» አለችኝ። ሽንቴ መጣ፤ ተነሣሁ። ስመለስ በሮቹ ሁሉ አንድ ሆኑብኝ። በየበሩ ላይ ጽሑፍ አለ፤ ለእኔ ግን ያው የግድግዳ ቀለም ነው። የመሰለኝ በር ላይ ተቀምጬ ረፋዱን አጋመስሁት። አጠገቤ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር ብዙ ካየችኝ በኋላ ቀስ ብላ፣ «አባቴ፣ ሚስትዎ ናት የምትወልደው?» አለችኝ።

የወሊድ ክፍል በር ነበር። ስሜን ደጋግመው ጠርተው አልፈውኛል። ሴትዮዋ ሆዷን ደግፋ ተነሥታ፣ እጄን ይዛ እስከ ልጄ ድረስ አደረሰችኝ። እግዜር በሰላም ያገላግልሽ ብዬ መረቅኋት፤ ያን ቀን ሌላ የሠራሁት ነገር የለም።

ከዚያ የጭንቅላት ፎቶ ወደሚያነሡበት ወደ ትልቁ ከተማ ላኩን። እዚያ ያየኝ ሐኪም ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነው። ፎቶውን አየና ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለኝ።

«አባት፣ ደስ ያለዎትን ይጻፉልኝ።»

ጻፍሁ። በእጅ ጽሕፈቴም ማንም አይደርስብኝም። ወረቀቱን ወሰደና ስለ እርሻዬ፣ ስለ ልጆቼ ብዙ አወራኝ። ከዚያ መልሶ ፊቴ አደረገው።

«ይህ ምን ይላል?»

አየሁት። «ማን ነው የጻፈው?» አልሁ።

ስመኝ ፊቷን አዞረች። ሐኪሙ ግን የጠበቀውን ያገኘ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። «ዓይንዎ ደኅና ነው፤ ቋንቋዎም ደኅና ነው። ወደ ራስዎ ኋላ የሚሄድ አንድ የደም ሥር ተዘግቶ የአንጎልዎን ቁራጭ ቦታ ጐድቶታል። ስትሮክ የምንለው ይህ ነው። የቀኝ በኩል እይታዎ የጠፋው በሱ ነው። ዓይን ያየውን ወደ ንባቡ ቦታ የሚያደርሰውም መንገድ እዚያ ነው የተቆረጠው። የእጅዎ መንገድ ሌላ ስለሆነ ይጽፋሉ» አለኝ።

«መንገዱ ይጠገናል?»

«በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢመጡ አንድ ነገር ይሞከር ነበር። አሁን የግፊቱን ክኒን ሳያቋርጡ፣ ጨው ቀንሰው፣ ሁለተኛው እንዳይመጣ መጠበቅ ነው። ንባቡ ሊመለስም፣ ላይመለስም ይችላል። በእርስዎ ዕድሜ ቃል አልገባልዎትም።»

ቤት ስገባ መጽሐፌን ለደብሬ ሰጥቼ «ጎታው ውስጥ ክተቺው» አልኋት።

«ከገብሱ ጋር?»

«ከፈለግሽ ከአይጡ ጋር።»

አልከተተችውም፤ ከራስጌዬ መለሰችው። እህል አልወርድልህ አለኝ። ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ሳላነብ ኖርሁ፤ ሞቻለሁ?» አለችኝ አንድ ቀን ደብሬ።

«አንቺ ያልነበረሽን አላጣሽም።»

«አንተስ ያለህን ልትጥል ነው? እኔ የለሁም?» ብላ ሳህኑን ትታልኝ ወጣች። ያን ቀን በላሁ። መሞት ግን መፈለጌን አልተውሁም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ።

በኅዳር የኔታ መጡ። የኔታ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ሕፃናት ንባብ የሚያስተምሩ፣ በወጣትነታቸው በጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ዜማ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔን ከድሮም አይወዱኝም፤ ሳልማር በማወቄ።

«ታከለ፣ ተነሣ» አሉኝ ከበሩ ላይ ሆነው።

«የኔታ፣ ሊቀብሩኝ ከሆነ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ፊደል ሳትቆጥር ነው ያነበብህ። ከጣሪያው ጀምረህ ቤት ሠራህ፤ ወደቀብህ። ነገ ከልጆቹ ጋር ና፤ ቁጥር ትጀምራለህ።»

ቁጥር የሚሉት ሕፃናት መጀመሪያ የሚማሩት አነባበብ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነኩ፣ ለየብቻ በዜማ እያወጡ ይዘልቃሉ። እኔ ያን አላለፍሁበትም፤ ቃሉን በሙሉ ባንድ ጊዜ እየዋጥሁ ነው የተማርሁት። ያኮራኝም ይኸው ነበር።

ሄድሁ። ከሕፃናቱ መካከል፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የኔታ በስንደዷቸው አንዱን ፊደል ነክተው «ማን ይባላል?» አሉ። አላወቅሁትም። ልጆቹ በሣቅ ተንፈራፈሩ፤ የኔታ በአለንጋ ዝም አሰኟቸው። በማግሥቱም አላወቅሁም። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ ዓይኔን በፊደሉ ላይ እንደተከልሁ፣ ጣቴ በአቧራው ላይ ያንኑ ቅርጽ መጫር ጀመረ። ተጭሮ ሲያልቅ አፌ «ነ!» አለ።

እጄ አውቆት ነበር! ዓይኔ ለአፌ መንገር ያቃተውን እጄ ነገረው። ይህን ሐኪሙም የኔታም አልነገሩኝም፤ ያገኘሁት እኔ ነኝ። እንደ እኔ የሆነ ሰው ይህን ካነበቡለት ይያዘው፦ ፊደሉን በጣታችሁ በጉልበታችሁ ላይ ጻፉት።

ግን አንድ ችግር ቀረ። ፊደል በፊደል ስጽፍ የቃሉ መጨረሻ ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል። ያዳነኝ የቁጥሩ ዜማ ነው። ዜማው ፊደሎቹን እንደ ዶቃ በክር ይዞ ጆሮዬ ውስጥ ያቆይልኛል፤ ክሩ ሲያልቅ ቃሉን እሰማዋለሁ። እኔ ዛሬ በዓይኔ አላነብም። በጣቴ እጽፋለሁ፣ ባፌ አዜማለሁ፣ በጆሮዬ እሰማለሁ። የቀኝ ዓለሜ አሁንም ጨለማ ነው። ክኒኔን አንድ ቀን አላቋርጥም። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው ጭኔ ላይ ፊደል መጻፍ ነው፤ ሌሊት ሁለተኛው ስትሮክ መጥቶ ወስዶብኝ እንደሆነ ለማየት። ያ ፍርሃት አይለቀኝም።

እናንተ ድንገት ንባብ ቢያቅታችሁ፣ አንዱ ጎናችሁ ቢጨልም፣ አፋችሁ ቢጣመም፣ መነጽር ሻጭ ዘንድ አትሂዱ። ያንኑ ዕለት፣ ያንኑ ሰዓት ወደ ሐኪም ሂዱ።

ጾመ ነነዌ ደረሰ። በእነዚያ ሦስት ቀኖች በቤተ ክርስቲያን የነቢዩ ዮናስ መጽሐፍ በግእዝ ይነበባል። እኔ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ በአማርኛ አነባለሁ ብዬ አስወራሁ። ደብሬ «አትዋረድ፤ ይቅርብህ» አለችኝ። ሰዉ ግን መጣ፤ የኔታም መጡ። ዋሴም መጥቶ ከፊት ተቀመጠ። ለምን እንደመጣ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ የዘጋውን መጽሐፍ ሰው ሲከፍተው አይቶ አያውቅማ።

ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምጨርሰው ታሪክ ሦስቱን ቀን ፈጀ። መርከቡ በማዕበል እየተናጠ እኔ አንዲት ቃል ላይ እቆማለሁ። ሰዉ መርከቡ ውስጥ ሆኖ ይጠብቀኛል። «ወረወሩት?» ትላለች አንዷ። ጣቴ ገና እየጫረ ነው። አንዳንዱ ተሰላችቶ ሄደ። የቀረው ወደ ፊት እየተጠጋ መጣ።

በሦስተኛው ቀን መጨረሻው ላይ ደረስሁ። ነነዌ ጾማ ምሕረት አግኝታለች፤ እስከዚህ ሁሉም ያውቀዋል። የማያውቁት ዮናስ በምሕረቱ መቆጣቱን ነው። ከተማይቱ ምን እንደምትሆን ሊያይ ከውጭ ተቀመጠ፤ ቅል በቅላ አጠለለችው፤ ትል በልቷት ደረቀች፤ ፀሐይ ሲያቃጥለው መሞት ተመኘ። እግዚአብሔርም፣ ላልደከመባት ቅል ካዘነ፣ ቀኝና ግራውን ለማይለይ ለዚያ ሁሉ ሕዝብና ለብዙ እንስሶቹ እርሱ እንዳያዝን ይሻ እንደሆነ ጠየቀው። ይህችን አንድ ጥያቄ ሳነብ ጥላው ከወይራው እስከ አጥሩ ሄደ። ከዚያ ቆምሁ።

«ቀጥል» አለ ዋሴ።

«አለቀ።»

«እንዴት ያልቃል? ዮናስ ምን ብሎ መለሰ?»

«አልተጻፈም።»

ዋሴ ተነሣ። «ቀሪው ጠፍቶህ ነው! ተጠየቀና ዝም አለ ተብሎ ያልቃል? የማታየው ጎንህ ላይ ቀርቷል!»

ሰዉ አጉረመረመ። እውነቱን ቢሆንስ? የገጹ ቀኝ ለእኔ ጨለማ ነው፤ አንድ መስመር እዚያ ተደብቆብኝ ቢሆንስ? ወደ የኔታ አየሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መጽሐፉን ወደ ግራዬ ሳብሁት። ጣቴን ከመጨረሻዋ ቃል ቀጥሎ ባለው ላይ አስቀምጬ ጉልበቴ ላይ መጻፍ ጀመርሁ። ፊደሉ ተበላሸብኝ፤ ደግሜ ጻፍሁት። አዜምሁት። የሌላ ነቢይ ስም ነበር። የሌላ መጽሐፍ መጀመሪያ ነበር።

«አልቋል» አልሁ። «ከዚህ ወዲያ የዮናስ አይደለም።»

የኔታ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «አልቋል» አሉ።

ዋሴ እንደቆመ ቀረ። ከብቱ ከግጦሽ እየተመለሰ በአጥሩ ሥር ያልፋል፤ የሁላችንም ማዕድ በየቤቱ እየጠበቀ ነው። አንድም ሰው አልተነሣም። ብዙ ቆይቶ ዋሴ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እንስሶቹንም ነው ያለው?» አለኝ በቀስታ።

«እንስሶቹንም።»

ነጠላውን ሰብስቦ ወደ እኔ ተጠጋ። «እስኪ እዚያች ላይ መልሰህ አንብባት።»

ጣቴን ከጥያቄዋ የመጀመሪያ ፊደል ላይ አደረግሁ።